ፎጣው ሥር ያለ ሰው

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ አይጠፋም። ጠዋት ቁልፉን ከበሩ ሳልነቅል እከፍተዋለሁ፤ ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ አንድ እግሬን ደጅ ካደረግኩ በኋላ ነው እጄን ሰድጄ የምዘጋው። ዜና ይሁን ማስታወቂያ፣ ኳስ ይሁን የአየር ጠባይ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ብቻ ይጩህ። ደንበኞቼን መሯቸዋል። «ጆሯችንንም ልትላጨው ነው እንዴ?» ይሉኛል። «ጆሮ የሌለው ሰው ጎኑን ለማስተካከል ይመቻል» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በዚህች ቀልድ ሥር ሁለት ዓመት ተሸሽጌያለሁ።

የምሸሸው አራት ቃል ነው። ሬዲዮው ዝም ሲል እሰማቸዋለሁ። መንፈስ ምናምን የሚባለውን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ጢም ስላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የማምነው ምላጭና ሳሙና ነው። ግን ሰምቻለሁ። አንዴም ሁለቴም አይደለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ፎጣው ልንገራችሁ።

ቤቱን የከፈተው አባቴ ነው። ሦስት ወንበር አለው። ሁለቱ መስኮቱ ጋ ናቸው፤ ሦስተኛው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። ከወንበሮቹ ኋላ ተራ የሚጠበቅበት ረጅም አግዳሚ አለ፤ ጋዜጣ እዚያ ይደረደራል፣ የዛሬውም ያለፈው ወሩም። ጥጉ ላይ ፎጣ በእንፋሎት የሚሞቅበት የቆርቆሮ ሳጥን ተቀምጧል። ደንበኛው ሲላጭ ያበቃና ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጥለታል፤ ከዚያ ትኩስ ፎጣ ፊቱ ላይ ይጠመጠማል፣ አፍንጫው ብቻ ይቀራል። ሦስት ደቂቃ፣ ግፋ ቢል አራት። ፊት ይለሰልሳል፣ የምላጭ ቃጠሎ ይበርዳል። ለደንበኛ የሚነገረው ይኸው ነው።

አባቴ ምላጭ ከማስያዙ በፊት ያስተማረኝ ፎጣ ማጠፍ ነበር። «ፎጣ የተደረገለት ሰው ቤቱ ገብቷል» ይለኛል። «አንተ ደጅ ነህ። እሱ ካልጠራህ አትገባም።» እሺ እለዋለሁ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር፣ ሥጋ ሻጩ እስኪመጣ ድረስ።

ሥጋ ሻጩ ያኔ በበራችን በጎኑ ካልሆነ የማይገባ ግዙፍ ሰው ነበር። እናቱን ቀብሮ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ቀብሩ ላይ አንዲት ጠብታ አልወጣውም እያሉ ሰዎች ሲያደንቁት ሰምቼ ነበር። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ተላጨ፣ አባቴ ፎጣ አደረገለት። ትንሽ ቆይቶ ያ ሰፊ ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ታሞ ነው ብዬ ልጠጋ ስል አባቴ በዓይኑ አስቀረኝ። ሄዶ ሬዲዮውን ጨመረ። ተመልሶ ሌላ ትኩስ ፎጣ በላዩ ደረበለት፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ምላጭ መሳል ጀመረ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ የተማከሩ ይመስል ጋዜጣቸውን እስከ ግንባራቸው አነሱ፤ አንደኛው ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆነ። አባቴ ፎጣዎቹን ሲያነሳ የሥጋ ሻጩ ፊት ርሷል፤ ከፎጣ የወጣን ፊት ደግሞ ለምን ራሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ደህና ትኩስ ነበር» አለ። «ይመችህ» አለው አባቴ። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ገባኝ። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ይህንን ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራውም። ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ከሥራ የተባረረ፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሁሉም ጢሙ ባያድግም ይመጣና ሦስተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አባቴ ሲያልፍ ቤቱን ወረስኩ፣ ፎጣውንም አብሬ። ሁለተኛ ፎጣ የሚያስፈልገውን ሰው ከአተነፋፈሱ አውቃለሁ። ወንድ አያለቅስም የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ፀጉር ቤት ሠርቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ሰው ሳላሳፍር አስለቅሳለሁ ብዬ፣ ደግ ሰው ነኝ ብዬ።

ከዚያ ሹፌሩ መጣ።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ ወፍራም አንገት ያለው፣ አናቱ ላይ በምንም ዘዴ የማይተኛ አንድ ቁንጮ ያለው ሰው። ያችን ቁንጮ ስታገል ዓመታት አብረን ኖረናል። ብቻውን ነበር የሚኖረው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል ድንገት ወጣችበት። ፍሬን ያዘ፣ አልደረሰም፤ ሴትየዋ ሞተች። ፍርድ ቤቱ ጥፋት የለብህም ብሎ በአንድ ቀን ለቀቀው። እኛም ለቀቅነው። «ጥፋትህ አይደለም፣ እርሳው» አልነው። «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ቻል አድርገው እንጂ።» ይህን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ ማበጠሪያ በእጄ ይዤ። «ልክ ናችሁ» ይለናል። በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሁለት ፎጣ ይደረብለታል፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ «ደህና ትኩስ ነበር» ብሎ ይሄዳል። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ወንበሩ ድምፅ አላሰማም። ሹፌሩ ሁለተኛው ፎጣ ሥር ፀጥ ብሎ ነበር የተኛው። ደህና፣ እየቀለለው ነው አልኩ በሆዴ። አግዳሚው ላይ የዘወትር ሰዎቼ ነበሩ፤ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ እኛ ጋሽ ፖስታ የምንለው፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ ያ ሥጋ ሻጭም አርጅቶና ከስቶ። ሦስቱም ጋዜጣቸውን አንስተዋል። ሬዲዮው አንዱን ዘፈን ጨርሶ ሌላውን ሳይጀምር ትንሽ ዝም አለ። በዚያች መሃል ሹፌሩ ተናገረ፣ ውሃ ስጡኝ በሚባልበት ድምፅ።

«ዛሬ ብቻዬን ማደር ፈራሁ።»

ቆምኩ። እጄ እርጥብ ነበር፣ ትዝ ይለኛል፣ ውሃው በክርኔ ሲወርድ። ያን ጊዜ ምን አሰብኩ? ለራሱ እያወራ ነው አልኩ። መሰማቱን ካወቀ ያፍራል፣ ዳግመኛም አይመጣም አልኩ። ቤቱ ውስጥ ነው፣ እኔ ደጅ ነኝ አልኩ። እጄን ሰደድኩና ሬዲዮውን ጨመርኩት።

ፎጣውን ሳነሳ ሹፌሩ ከወንበሩ ቶሎ አልተነሳም። መስታወቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩ መስታወቱ የሚያሳየው እኔን ብቻ አይደለም፣ አግዳሚውን በሙሉ ነው። ጋዜጦቹ ገና አልወረዱም ነበር። «ደህና ትኩስ ነበር» አለ፣ ቁንጮውን በመዳፉ ተጫን ተጫን አደረገና ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የአውቶቡስ ማደሪያው ዘበኛ ሹፌሩን የራሱ አውቶቡስ ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘው። በገዛ እጁ ነው አሉ። ሬሳውን ያየ ሰው «ፊቱ ንጹሕ ነበር፣ ገና መላጨቱ ነው» ብሎ ነገረኝ። የነገረኝ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያመሰግነኝ አላውቅም። የላጨሁት እኔ ነኝ።

ጠርቶኝ ነበር እኮ። ካልጠራህ አትግባ ነበር የአባቴ ቃል፤ እሱ ደግሞ ጠራኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ሰው አላስቀምጥም። «ብሎኑ ላልቷል፣ ይጥላችኋል» እላለሁ። ለሁለት ዓመት አንድ ብሎን ያላጠበቀ ሰው ምን ዓይነት ሰነፍ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ፎጣ የምጠመጥመው መስኮቱ ጋ ባለው ሁለተኛው ወንበር ላይ ሆነ፤ እዚያ ደግሞ መንገደኛ ስለሚያይ ሁለተኛ ፎጣ የሚፈልግ አይመጣም። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ከተባለ ፈርቼ ነው። ማንም ምንም እንዳይለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ባዶው ወንበር ሲጥ ይላል። እንጨቱ በሙቀት ሲላቀቅ ነው እላለሁ፤ ወንበሩ ግን የብረት ነው። ጠዋት ስምንት ፎጣ አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ አስገባለሁ፣ ማታ ስቆጥር ያልተጠቀምኩበት አንድ ፎጣ ተጨምቆ አገኛለሁ። ምናልባት ራሴ ጨምቄው ረስቼ ይሆናል። ሬዲዮው ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገር ግን አራቱ ቃላት ከእጅ መታጠቢያው በኩል ይመጣሉ፣ ያኔ እንደነበሩት፣ ሳይጮሁ። ስለዚህ ዘፈን የሚያጫውት ጣቢያ ትቼ ወሬ የማያቋርጥ ጣቢያ ያዝኩ። ቤትም ተከተለኝ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተህ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ምን አለበት?» ትለኛለች። «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። ይቺን ምንም ስል ድምፄ የሹፌሩን ይመስለኛል።

አሁን ስለ ታናሽ ወንድሜ ልናገር፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለእሱ ስል ነው።

ወንድሜ በያጅ ነው። በርና መስኮት ይበይዳል። ሚስቱ ከአምስት ወር በፊት ሞተች፣ በዘጠኝ ቀን ሕመም። ልጅ አልነበራቸውም። ቀብሩ ላይ ወንድሜ አላለቀሰም። መጥቶ ያቀፈው ሁሉ «ጎበዝ፣ በርታ» ይለዋል፣ እሱ ራሱ ሌላውን ያጽናናል፣ ለመጣው ሰው ወንበር ያቀብላል። ሰው ሁሉ አደነቀው። እኔም አብሬ አደነቅሁት፣ አፌን ሞልቼ፣ «ወንድሜ ነው እኮ» እያልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ይመጣል፣ ይላጫል፣ ይሄዳል። ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። «ምን ሆነ ዓይንህ?» እለዋለሁ። «ብየዳ ነው» ይለኛል። የብየዳ ብርሃን ዓይን ያቀላል፣ ይህንን ሁሉም ሰው ያውቃል። «መነጽርህን አድርግ እንጂ» እለውና ወደ ጢሙ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልን አምስት ወር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ ጫማዬን ሳስር ባለቤቴ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ወንድምህ ሥራ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? ይሠራል እንጂ። ዓይኑ ቀልቶ አይደል የሚመጣው?»

«የአሠሪውን ሚስት አገኘኋት። ከቀረ ሦስት ሳምንት ሆነው ትላለች። መልእክት ይልኩበታል፣ አይመልስም። እኔም ትናንት ቤቱ ሄጄ ነበር። አልከፈተልኝም። ውስጥ እንዳለ ግን አውቃለሁ፣ ሲራመድ ይሰማል።»

የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

«ዛሬ ሲመጣ ጠይቀው» አለችኝ። «ዝም ብለህ እንዳትላጨው።»

«እሺ» አልኳት።

«እሺ ብለህ ደግሞ እንዳትረሳው። አውቅሃለሁ።»

ታውቀኛለች። መንገዱን በሙሉ ስለማመድ ሄድኩ። ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? አይሆንም፣ ደህና ነኝ ይላል። ወንድሜ፣ ሥራ እንዳቆምክ ሰማሁ። ይህ ደግሞ እንደ ፖሊስ ነው። በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ታናሼን የምጠይቅበት አንድ ጥያቄ አጣሁ። ፈራሁ፤ እሱ ብሶቱን እንዳይነግረኝ ፈራሁ፣ ከነገረኝ ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም። ካልነገረኝ የሚሆነውን ግን አውቀው ነበር። ፊቱን ንጹሕ አድርጌ ልልከው ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መጣ። ልብስ ሰፊው ሁለተኛው ወንበር ላይ ፀጉሩ በግማሽ ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ጋሽ ፖስታና ሥጋ ሻጩ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሬዲዮው ስለ ከብት መኖ ይለፈልፋል። ወንድሜ ሰላምታ ሰጠና ክፍት የነበረውን የመስኮቱን ወንበር አልፎ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ሄደ።

«እሱ ብሎኑ ላልቷል» አልኩ።

«አይሸከመኝም እንዴ? ምን ቀረኝና» አለና ተቀመጠ።

ወንበሩ ሲጥ አለ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ቀና ብለው ተያዩ፣ ከዚያ ጋዜጣ አነሱ። ያኔ ልብ አላልኩም፣ ኋላ ነው የገባኝ።

ልብስ ሰፊውን በግማሽ ራሱ ትቼ ወንድሜን ሳሙና ቀባሁት። ከስቷል። አገጩን ቀና ሳደርገው አጥንቱን በጣቶቼ ቆጠርኩት። እጆቹ የወንበሩን ክንድ ይዘዋል፤ አየኋቸው። የድሮ የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ፣ አዲስ የለም። ጥፍሩ ንጹሕ ነው። የበያጅ ጥፍር አይጠራም፤ ሠርጉ ዕለት እንኳ አልጠራም ነበር፣ ሟች ሚስቱ ስታስታጥበው ተናዳ ትታው ነበር።

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት። ይኸው ነው የወጣኝ።

«ደህና ነው።»

«ዓይንህ ቀልቷል።»

«ብየዳ ነው፣ ጋሼ።»

«መነጽር...» አልኩና ተውኩት። መላጨቴን ቀጠልኩ። ጉሮሮውን ስላጭ ምላጩ ሥር የደም ሥሩ ሲመታ ይታየኛል። እየመታ ነው፣ አለ፣ ገና አለ አልኩ በሆዴ። ፎጣ አወጣሁና ጠመጠምኩለት። ወንበሩን ለጠጥኩት።

«ሌላም ጨምርልኝ» አለኝ ከፎጣው ሥር።

ጨመርኩለት። እጆቼ የለመዱትን ነው የሚሠሩት፤ ምላጭ አነሱ፣ ጀርባዬን አዞሩኝ። ወንበሩ ግን ድምፅ አላሰማም። ዞሬ አየሁት። ደረቱ ፀጥ ብሏል። ልክ እንደዚያ ቅዳሜ ፀጥ ብሏል። ሬዲዮው ላይ የሚያወራው ሰውዬ ትንፋሽ ወሰደ፣ ወንድሜም ተናገረ።

«ፈርቻለሁ።»

ጋሽ ፖስታ ከአግዳሚው ተነሱ። ለጨዋነታቸው ነው፣ አውቃለሁ። እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ጨመሩት። የከብት መኖ ወሬ ቤቱን በሙሉ ሞላው። ጋሽ ፖስታ በእኔ ፋንታ ደግ ሆኑልኝ፤ የሚቀረኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ምላጩን አስቀመጥኩና የሬዲዮውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ያን ያህል ዝምታ ያ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የእንፋሎቱ ሳጥን ብቻ ይፈላል። የሹፌሩን ድምፅ ጠበቅሁ። ከእጅ መታጠቢያው በኩል አራቱ ቃላት እስኪመጡ ጠበቅሁ። አልመጡም።

ከወንድሜ አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፣ ያውም የሰው ፀጉር ላይ።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«ምንም። ሬዲዮው ነው።»

«ሬዲዮው ጠፍቷል። ሰምቼሃለሁ። ድገመው።»

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰው አለ» አለኝ።

«አለ» አልኩት። «ልብስ ሰፊው አለ፣ ጋሽ ፖስታ አሉ፣ እኔ አለሁ። ድገመው።»

እጁን ያዝኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ እጁን ይዤው አላውቅም። መጀመሪያ ሊነጥቀኝ ሞከረ፣ ከዚያ ጣቴ እስኪነጣ ድረስ ጨበጠኝ።

«ቤቱን ፈርቻለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ጫማዋ በሩ ጋ ነው። አላነሳሁትም። ከውጭ ስገባ ጫማዋን አያለሁ፣ አለች እላለሁ። ከዚያ የለችም። በቀን አምስቴ እንደዚያ ነው። ስለዚህ መውጣት ተውኩ። ሳልወጣም ያው ነው። ሌሊቱን... ሌሊቱን ምን እንደማስብ አልነግርህም። ዛሬ ግን ወደዚያ ቤት ብቻዬን አትላኩኝ። ጢሜን ልላጭ አይደለም የመጣሁት።»

«አልልክህም» አልኩት። «እኛ ጋ ነህ። ጫማዋን አብረን እናነሳዋለን። ካልፈለግክም አናነሳውም፣ እኔ እዚያ መጥቼ አድራለሁ።»

ያኔ አለቀሰ። ሥጋ ሻጩም ሹፌሩም ሌላውም ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ አልቅሷል፣ ድምፁን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሬዲዮ ሲሸፍነው ነው የኖረው። አስቀያሚ ድምፅ ነው። ወንድሜ ጎረምሳ ሆኖ ድምፁ ሲሰበር እንደነበረው ነው። እኔም አብሬው አለቀስኩ፣ ፎጣ አልነበረኝም፣ እንባዬ በሰው ፊት በአገጬ ወረደ። አፍሬ ልሞት ነበር፣ ግን አልሞትኩም።

አፌ ከተከፈተ ወዲያ መዝጋቱ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ተናገርኩ።

«ሹፌሩ እዚህ ወንበር ላይ ሆኖ ብቻዬን ማደር ፈራሁ ብሎኝ ነበር» አልኩ። «ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ሬዲዮ ጨመርኩበት። ደጅ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም።»

ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም። የሚሰድበኝ ሰው ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው በግማሽ ራሱ፣ አንገቱ ላይ ጨርቅ እንደታሰረ፣ ከወንበሩ ወደ እኛ ዞረ። «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «አንተ የሰማህ አልመሰለኝም ነበር። ሬዲዮውን ስትጨምር፣ ደህና፣ አልሰማም፣ እንግዲህ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሱሪ በሰፋሁ ቁጥር...»

«ዛሬ ብቻዬን ማደር ፈራሁ» አሉ ጋሽ ፖስታ። አንዲት ቃል አላጎደሉም። «ቤቴ ከእሱ ቤት ሦስት በር ነው የሚርቀው። ሦስት በር። ቅዳሜውን ሄጄ ላንኳኳ ተነስቼ ነበር። ምን ልለው ነው፣ ጋዜጣ አንብቤ ስጨርስ ሰማሁህ ልለው ነው ብዬ ተመለስኩ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ወንበር ብሎን ማንም ያልጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እያንዳንዳችን የሰማነው እኛ ብቻ ነን ብለን ለብቻችን ተሸክመነው ኖርን፤ እዚሁ ቤት፣ በየቅዳሜው፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን። የሰው ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም የምሰማው። እነሱም ቢሆኑ ከሬዲዮው ጩኸት በላይ ሲሰሙት ነበር።

ሥጋ ሻጩ ብቻ ዝም እንዳለ ነበር። ጋዜጣው ጭኑ ላይ ነው። ኋላ ላይ፣ መስታወቱን እያየ፣ «አባትህ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር» አለኝ። «እናቴን የቀበርኩ ቀን ሁለተኛ ፎጣ ደረበልኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። አሁን አንተ ይህን ልጅ እጁን ስትይዘው ነው ትዝ ያለኝ። ፎጣው ሥር ሆኜ እኮ፣ ሰውዬው መጥቶ እጄን ቢይዘኝ ብዬ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እጄን እዚያ ወንበር ክንድ ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁት። ‹ደህና ትኩስ ነበር› ብዬው ሄድኩ።»

የወንበሩን ክንድ አየሁት። ቆዳው በመዳፍ ልክ ተልጦ አልቋል። ስንት ጊዜ ሳድስ የኖርኩት ወንበር ነው፣ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ እንደሚያልቅ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ትንፋሹ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ልማዴ ነውና ፎጣውን ላነሳለት እጄን ዘረጋሁ፣ ቀደመኝና ራሱ አነሳው። ፊቱ አብጧል፣ አፍንጫው ቀልቷል፤ ከፎጣው ነው የሚባል ዓይነት ፊት አልነበረም። ቀና አለና መስታወቱን አየ። የሹፌሩ ቀን ትዝ አለኝና ወደ አግዳሚው ዞርኩ። ጋሽ ፖስታ ያዩታል። ሥጋ ሻጩ ያየዋል። ልብስ ሰፊው ግማሽ ራሱን ይዞ ያየዋል። ጋዜጣ ያነሳ አልነበረም።

አሁን ያንን ነገር ይለዋል ብዬ ፈራሁ፤ ደህና ትኩስ ነበር ብሎ ተነስቶ ይሄዳል ብዬ።

ፎጣውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ቀዝቅዟል» አለኝ።

«ሌላ ላምጣልህ?»

«አታምጣ» አለኝ፣ ፊቱን ከመስታወቱ ሳያዞር።